ፔፐር የሚበላሸው ሲጻፍ ሳይሆን ማስታወሻ ሲያዝ ነው፦ የኔን አካሄድ ልንገራችሁ፣ እናንተም ጨምሩበት

ድሬዋ

ሰላም ለዚህ ቤት።

ዘንድሮ ጂሲ (ተመራቂ) ነኝ፤ የምማረው ታሪክ ነው። ሲኒየር ኤሴይ (የመመረቂያ ጽሑፍ) የሚጻፍበት ሰሞን ስለሆነ ከታች ባች ያሉ ልጆች "አንቺ እንዴት ነው የምትጽፊው?" ይሉኛል። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ከማወራ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው።

የማምነው ርዕሱ ላይ ያለውን ነው። ብዙ ተማሪ ላፕቶፑን ከፍቶ ባዶ ገጽ ላይ ሲያፈጥ "መጻፍ አልችልም" ይላል። መጻፍ አቅቶት አይደለም። ላይብረሪ የገባ ጊዜ የወደደውን ገጽ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ወጣ። የገጹን ቁጥር አልያዘም። ምን እንዳሰበበትም አልጻፈም። ስለዚህ አሁን እጁ ላይ ያለው የሰው ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ወይ ይገለብጣል፣ ወይ ይጨነቃል።

በምሠራበት ርዕስ ላሳያችሁ። ርዕስ ሲጀመር ሁሌም ሰፊ ነው። የኔም "የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ለድሬዳዋ ዕድገት ያደረገው አስተዋጽኦ" ነበር። ድሬዳዋን የቆረቆራት ባቡሩ መሆኑን እኛ ሰፈር ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ይሄ ርዕስ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። ጥያቄውን ቁጭ ብዬ አልፈጥረውም፤ ከማስታወሻዬ ውስጥ ነው የማገኘው።

አንድ ኤ ፎር ወረቀት አራት ቦታ እቆርጣለሁ። አንድ ቁራጭ፣ ካርድ የምለው እሱን ነው፣ ለአንድ ሐሳብ ነው። አናቱ ላይ የጸሐፊው ስም፣ ዓመቱና ገጹ ይጻፋል። ይሄ ሳይጻፍ ሌላ ነገር አይጻፍም። መሃሉ ላይ ምንጩ የሚለውን አሳጥሬ በራሴ አነጋገር አሰፍራለሁ፤ መጽሐፉን ከድኜ ነው ይህን የማደርገው። ቃል በቃል የወሰድኩት ካለ ትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ይገባል። ከዚያ መስመር አሰምራለሁ። ከመስመሩ በታች ያለው የኔ ነው፦ ጥርጣሬም ይሁን፣ ጥያቄም ይሁን፣ "ይሄ ከዚያኛው መጽሐፍ ጋር አይገጥምም" የሚልም ይሁን።

አንዱ ካርዴ እንዲህ ይላል። ከመስመሩ በላይ፦ "ሐዲዱ በ1902 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ። ሐረር ከፍታ ላይ ስለሆነች ታለፈች። ከዚያ ገንዘብ አጠረ፣ ሥራው ቆመ። ኩባንያው በ1907 ከሰረ። በአዲስ ኩባንያ ቀጥሎ አዲስ አበባ የገባው በ1917 ነው።"

ከመስመሩ በታች፦ "ስለዚህ ድሬዳዋ ለዓመታት የመጨረሻ ጣቢያ ነበረች። ወደ መሃል አገር የሚሄደው ዕቃ እዚህ ይወርድና በግመልና በበቅሎ ይጫናል። ከተማዋን ያሳደጋት የባቡሩ መምጣት ነው ወይስ የባቡሩ መቆም?"

የፔፐሩ ጥያቄ የሆነችው ያቺ የመጨረሻ መስመር ናት። "አስተዋጽኦ" በሚለው ርዕስ ስር ሰው የጻፈውን ደግሜ እጽፍ ነበር። በዚህችኛዋ ግን አሁን ምን እንደምፈልግ አውቃለሁ፦ በእነዚያ የቆመባቸው ዓመታት ጣቢያው ዙሪያ ማን መጋዘን ሠራ፣ ማን ግመል አከራየ፣ ሐረር ያሉ ነጋዴዎች ምን ወሰኑ።

ካርዶቹ ሲበዙ አልጋዬ ላይ እዘረጋቸዋለሁ። የሚመሳሰሉት አንድ ላይ ይከመራሉ፤ አንዱ ክምር አንድ ክፍል ይሆናል። ከመስመሩ በታች ባዶ የሆኑ ካርዶች የበዙበት ክምር ካየሁ እዚያ ጋ ገና አላሰብኩም ማለት ነው፤ ወደ ንባብ እመለሳለሁ። መጻፍ የምጀምረው ከሞላው ክምር ነው። እሱም አብዛኛውን ጊዜ የፔፐሩ መሃል ነው። መግቢያው መጨረሻ ላይ ይጻፋል። ምን እንዳልኩ ሳላውቅ "ይህ ጥናት እንዲህ ይላል" ብዬ ለአንባቢ ምን ልነግረው እችላለሁ?

ሌላው ነገር ቋንቋው ነው። ፔፐሩ የሚገባው በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ግን ከመስመሩ በታች ያለውን በአማርኛ ነው የምጽፈው፤ በመጀመሪያው ድራፍት ላይም ክርክሩን በአማርኛ ነው የማስኬደው። በእንግሊዝኛ ስጀምር "ፕሌይስ ኤ ቫይታል ሮል" (ወሳኝ ሚና ይጫወታል) የሚለው ሐረግ ሳልጠራው ይመጣል። ሐሳብ ያለኝ ይመስለኛል፣ የለኝም። በአማርኛ ሲሆን ባዶነቱ ወዲያው ይታየኛል።

በሉ እናንተስ?

ነጭ ጋዋን

ድሬዋ፣ እጅሽ ይባረክ። "ባቡሩ መምጣቱ ነው ወይስ መቆሙ" የሚለው ጥያቄ እኔን የጤና ተማሪዋን ራሱ ማንበብ አሰኝቶኛል።

እኛ ጋ ቅርጹ የተሰጠ ነው፦ መግቢያ፣ ዘዴ፣ ውጤት፣ ውይይት። እኔ ከሰንጠረዦቹ ነው የምነሳው። ዳታው እንደተተነተነ ሰንጠረዦቹን ብቻ ፕሪንት አደርግና በእያንዳንዱ ሥር "ይሄ የሚለው ይህን ነው" ብዬ አንድ ዐረፍተ ነገር እጽፋለሁ። ዐረፍተ ነገር ያጣሁለት ሰንጠረዥ ከፔፐሩ ይወጣል። የዘዴውን ክፍል ደግሞ ዳታ እየሰበሰብኩ ሳለሁ ነው የምጽፈው። መጠይቁ በየትኛው ቋንቋ ተሞላ፣ ምን ያህል ሰው እምቢ አለ፣ የትኛው ጥያቄ ግር አላቸው የሚለው ነገር ቶሎ ነው የሚረሳው።

ገጹ ሳይያዝ ሌላ ነገር አይጻፍም ያልሽው ላይ ግን ልቆይ፤ እኛ ጋ በሽታው የከፋ ነው። ስለ እናቶች ሞት የተጻፈ የተማሪ ፔፐር ክፈቱ፤ 412 የምትል ቁጥር መግቢያው ላይ አለች። በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች። የመጣችው ከ2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ነው። ጠቃሹ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጥናቱን አልከፈተም። እሱን የጠቀሰ ፔፐር ነው ያየው፤ ያኛውም ሌላ ፔፐር አይቶ ነው።

ዋናውን ሪፖርት ስትከፍቱ ሦስት ነገር ታገኛላችሁ። አንደኛ፣ ከ412 ጎን ከ273 እስከ 551 የሚል ክልል አለ፤ ግምቱ ይህን ያህል ሰፊ ነው። ሁለተኛ፣ ቁጥሯ የምትናገረው ስለ 2016 ብቻ አይደለም፤ ከጥናቱ በፊት ስለነበሩት ሰባት ዓመታት ነው። ሦስተኛ፣ ሪፖርቱ ራሱ የሚለው ከእርግዝና ጋር የተያያዘ ሞት ነው። በእርግዝና፣ በወሊድና ከወሊድ በኋላ ባለው አጭር ጊዜ የደረሰውን ሞት ምክንያቱን ሳይለይ ነው የሚቆጥረው። እነዚህን ሦስቱን የያዘ ሰው ውይይቱን በሌላ ዓይን ይጽፈዋል። ቁጥሯን ብቻ የያዘ ግን "ሞት አሁንም ከፍተኛ ነው" ብሎ ያልፋል።

የኔ ሕግ እንግዲህ ይህ ነው፦ ሰንጠረዡን በዓይኔ ያላየሁትን ቁጥር አልጠቅስም። ጆርናሉ ተከፍሎበት የሚነበብ ከሆነም ቶሎ ተስፋ አትቁረጡ። ሪሰርች ፎር ላይፍ የሚባለው ፕሮግራም ለኢትዮጵያ ተቋማት ክፍት ነው፤ ግቢያችሁ ተመዝግቦ ከሆነ ላይብረሪውን መግቢያ ጠይቁ።

የማታው

እናንተ አልጋ ላይ ካርድ ትዘረጋላችሁ፤ እኔ ቀን ሱቅ ውስጥ ነኝ፣ ማታ ክፍል። ላፕቶፕም የለኝም። ለእንደኔ ዓይነቱም አካሄድ ስላለ ልጻፍ።

ሁሉም ነገር ስልኬ ላይ ነው። ቴሌግራም ላይ ለራሴ ብቻ ቻናል ከፍቻለሁ። አንድ መልእክት አንድ ሐሳብ ነው፣ ልክ እንደ ድሬዋ ካርድ። ከታች ሃሽታግ አደርግበታለሁ፦ የምዕራፉን ስም። በኋላ ሃሽታጉን ስነካው የዚያ ምዕራፍ ነገር ሁሉ ተሰብስቦ ይመጣል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሆኜ ሐሳብ ከመጣልኝ በድምፅ እቀዳለሁ። ማታ ድምፁን እየሰማሁ እጽፈዋለሁ፣ ስጽፈውም ይስተካከላል።

ፒዲኤፍ ሳነብ ስክሪንሹት አላነሳም። ስክሪንሹት ስልክ ይሞላል እንጂ ጭንቅላት ውስጥ አይገባም። አጭር አድርጌ እተይባለሁ፤ ገጹን እጨምራለሁ። ጎግል ዶክስ ላይ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አድርጌ ስለከፈትኩት መብራት ቢጠፋም ኔትወርክ ቢሄድም ሥራዬ አይቆምም። ኢንተርኔት ቤት የምሄደው ለመጨረሻው ፎርማት ብቻ ነው፦ ማውጫ፣ የገጽ ቁጥር፣ ኅዳግ። ከመሄዴ በፊት ፋይሉን ለራሴ ኢሜይል አደርጋለሁ፤ ፍላሽ ቫይረስ ይዞ ይመጣል።

ለሥራ ተማሪዎች አንድ ነገር ብቻ ልበል። ሰፊ ጊዜ እስክታገኙ አትጠብቁ። ሰፊ ጊዜ አይመጣም። አንድ አንቀጽ በአንድ ምሽት ይበቃል።

ቨርጂኒያ ያለሁት

ክሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ደስ ይላል። እኔ እዚህ አሜሪካ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነው የምማረው፤ ከአገር ቤት የወጣሁት ሃይስኩል ጨርሼ ነው። ድሬዋ ያለችው በአብዛኛው ይገባኛል። በአማርኛ ድራፍት ማድረጉ ላይ ግን አልስማማም።

እኔም እንዲያ እጀምር ነበር። ትርጉሙ ግን ሥራውን እጥፍ ያደርገዋል። ከዚያም ብሶ እንግሊዝኛው የአማርኛ አጥንት ይዞ ይወጣል። እኛ ዋናውን ነገር መጨረሻ ላይ እናመጣለን፤ ዙሪያውን ዞረን፣ አዋዝተን፣ ከዚያ እንናገረዋለን። እዚህ ያሉ መምህራን አቋምህን መጀመሪያ አንቀጽ ላይ ይፈልጉታል። ራይቲንግ ሴንተር (ኮሌጁ ተማሪን በጽሑፍ የሚያግዝበት ቢሮ) ያለችው አስተማሪ ሁሌ የምትጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነው፦ "ይህን ካነበብኩ በኋላ ምን እንዳምን ነው የምትፈልገው?" መልሱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ካልሰጠኋት ወደ ቤት ትመልሰኛለች።

ስለዚህ እኔ ያንን አንድ ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ ቀድሜ እጽፋለሁ። እየጻፍኩ ይለወጣል፣ ችግር የለውም። ግን ያለ እሱ አልነሳም። ድራፍቱ ሲያልቅ ደግሞ ወደ ኋላ እሄዳለሁ፦ ከእያንዳንዱ አንቀጽ ጎን አንቀጹ የሚለውን በአምስት በስድስት ቃል እጽፋለሁ። ከዚያ እነዚያን ብቻ ከላይ ወደ ታች አነባለሁ። አንዱ ከሌላው ካልተያያዘ ቦታ ይቀያየራሉ። ሁለቱ አንድ ነገር ካሉ አንዱ ይወጣል።

አሜሪካ ላላችሁ ልጆችም ልንገር። ራይቲንግ ሴንተር በነፃ ነው፣ ለደካማ ተማሪ ብቻም አይደለም። የመምህሩ ኦፊስ አወርም (ተማሪ ቢሮው ገብቶ የሚያናግርበት ሰዓት) እንዲሁ። እኛ አስተማሪን ማስቸገር ነውር እየመሰለን እንቀራለን። እዚህ ግን ያልመጣ ተማሪ ግድ የለውም ተብሎ ነው የሚታሰበው።

ድሬዋ

ቨርጂኒያ፣ የጎን ጽሑፉን ወስጄዋለሁ፣ በጣም አሪፍ ነው። የማታውም የሃሽታጉ ነገር ከኔ ካርድ ይሻላል፤ ካርድ ይጠፋል፣ ፈልግ ብሎ ማዘዝም የለም።

በቋንቋው ግን አልለቅም። እኔ እየተረጎምኩ አይደለም። በአማርኛ የምጽፈው ክርክሩን ነው፤ እሱን አስቀምጬ እንግሊዝኛውን አዲስ እጽፋለሁ፣ አማርኛውን እያየሁ አልቀዳም። ደግሞ አንድ ልዩነት አለን። አንተ ቀኑን ሙሉ እንግሊዝኛ ትሰማለህ። እኛ ክፍል ውስጥ እንኳ ስላይዱ በእንግሊዝኛ ይሆንና ማብራሪያው በአማርኛ ነው። ዲፌንስ ላይ (ፔፐሩን ፈታኞች ፊት ሲያቀርብ) ተማሪው "ይሄን እዚህ የጻፍከውን አስረዳን" ሲባል ዝም የሚለው ለምን ይመስላችኋል? ዐረፍተ ነገሩን ያውቀዋል፣ ሐሳቡን ግን በየትኛውም ቋንቋ አስቦት አያውቅም።

አማካሪው

ልጆቼ፣ ብዙ ጊዜ ዝም ብዬ ነው የማነብ። ይህንን ግን ማለፍ አልቻልኩም። ለረጅም ዘመን አስተምሬያለሁ፣ አማክሬያለሁም። ከወንበሩ ወዲያ ማዶ ሆኖ ምን እንደሚታይ ልንገራችሁ።

የተማሪ ፔፐር ሲሰጠኝ ከመጀመሪያው ገጽ አልጀምርም። መጀመሪያ መግቢያውን፣ ቀጥሎ መደምደሚያውን አያለሁ። ሁለቱ የሚነጋገሩ ከሆነ ደስ ይለኛል። መግቢያው አንድ ነገር ጠይቆ መደምደሚያው ያልተጠየቀውን ከመለሰ መሃሉ ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው ድሬዋ መግቢያዋን መጨረሻ ላይ መጻፏን የምደግፈው። ቀጥሎ የምሄደው ወደ ዋቢዎቹ ነው። እዚያ ላይ ሁለት ሦስቱን መርጬ ጽሑፉ ውስጥ የት እንደገቡ እፈልጋለሁ። ዝርዝሩ ላይ ያለ፣ ጽሑፉ ውስጥ የሌለ መጽሐፍ አልተነበበም ማለት ነው።

ሊትሬቸር ሪቪው የሚባለው ክፍል ላይ ብዙ ልጆች ይጎዳሉ። "እገሌ በዚህ ዓመት እንዲህ አለ። እገሊት በዚያ ዓመት እንዲህ አለች።" ይህ መዝገብ ነው። እኔ የምፈልገው ሰዎቹ በምን እንደሚስማሙ፣ በምን እንደሚለያዩ፣ ማንም ያላነሳው ምን እንደሆነ ነው። ድሬዋ ካርዶቿን በጸሐፊ ሳይሆን በሐሳብ መከመሯ ያንን በራሱ ያመጣዋል። አንድ ክምር ውስጥ ሦስት ጸሐፊ ካለ መከራከራቸው አይቀርም።

ስለ ቋንቋው ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ ብዬ አላልፍም፤ የማየውን ልናገር። አቅሙ ያለው ተማሪ በእንግሊዝኛ ያሰበውን በእንግሊዝኛ ቢጽፍ ይሻለዋል። ከማማክራቸው ልጆች አብዛኞቹ ግን ቢሮዬ መጥተው በአማርኛ ሲያስረዱኝ ፔፐራቸው ላይ የሌለ የበሰለ ነገር ይናገራሉ። "ይህንኑ ጻፈው" እላለሁ። "እንዲህ ነው እንዴ የሚጻፈው?" ይሉኛል። አዎ፣ እንዲህ ነው። ስለዚህ ለእነሱ የድሬዋን መንገድ እመክራለሁ።

ፍሬሽ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ሁለት ጥያቄ ልጠይቅ። አንደኛ፣ ሪፈረንስ የሚያደራጅልኝ ሶፍትዌር የኢትዮጵያ ጸሐፊዎችን ስም ሲገለብጠው ምን ላድርግ? ሁለተኛ፣ ቻትጂፒቲ ሪፈረንስ ሲሰጠኝ በቀጥታ መጠቀም እችላለሁ?

ላይብረሪ ጠባቂ

የመጀመሪያው የኔ ሙያ ስለሆነ ልመልስ።

የኛ ሁለተኛ ስም የአባት ስም ነው፣ የቤተሰብ ስም አይደለም። ባሕሩ ዘውዴን በ"ዘውዴ" ስር ካስገባኸው የጠቀስከው አባታቸውን ነው። በኢትዮጵያ ጥናት ሥራዎች ውስጥ፣ ኢንሳይክሎፒዲያ ኢትዮፒካን ጨምሮ፣ የኢትዮጵያ ጸሐፊ በራሱ ስም ነው የሚሰለፈው። ዞተሮ በሚባለው ሶፍትዌር ላይ ከስሙ ሳጥን ጎን ትንሽ ምልክት አለች። እሷን ስትነካ ሁለቱ ሳጥኖች አንድ ይሆናሉ፤ ስሙን እንዳለ ትጽፈዋለህ፣ አይገለበጥም። የትምህርት ክፍልህ ሌላ መመሪያ ካለው ግን የእነሱን ተከተል። ዋናው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ዓይነት መሆኑ ነው።

ዘመን አቆጣጠርም እንደዚሁ ያስቸግራል። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ ማለቂያ አካባቢ ልዩነቱ ሰባት ዓመት ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት ነው። ድሬዋ የጠቀሰችውን ውሰድ። የ1902 መጨረሻ በኛ 1895 ዓ.ም. ነው። ስምንት የቀነሰ ሰው 1894 ብሎ ይሳሳታል። ወሩን የማታውቅ ከሆነ ምንጩ በሰጠው አቆጣጠር ተወው፣ አጠገቡ እ.ኤ.አ. ወይም ዓ.ም. ጻፍበት። የበጀት ዓመት ደግሞ ሐምሌ 1 ነው የሚጀምረው፤ የመንግሥት ሪፖርት ስትጠቅስ እሱንም አስታውስ።

ሌላ ብዙ ተማሪ የማይሞክረው ነገር አለ። በአማርኛ ካታሎግ ስትፈልግ በአንድ አጻጻፍ ብቻ አትፈልግ። ሐረርን "ሀረር" ብሎ የመዘገበ አለ፣ "ሃረር" ያለም አለ። ሠ እና ሰ፣ ጸ እና ፀ፣ ዐ እና አ እንዲሁ። ኮምፒውተሩ እነዚህን እንደ ተለያየ ፊደል ነው የሚያያቸው። "የለም" ተብሎ ተመልሶ የሚሄድ ተማሪ አያለሁ፤ መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ ነው።

አዲስ አበባ ላላችሁ፣ ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትን፣ ደግሞም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱን ወመዘክርን አትርሱ። መታወቂያና ከትምህርት ክፍላችሁ ደብዳቤ ይዛችሁ ሂዱ። ድሬዋ፣ አንቺ ደግሞ ፈረንሳይኛ የሚያነብ ሰው ካለሽ ጋሊካ የሚባለውን የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ዲጂታል ክምችት ክፈቺ። ነፃ ነው። የዚያ ዘመን ጋዜጦች ብዙ አሉ፤ ስለ ባቡሩ ኩባንያ ፓሪስ ላይ ምን ይባል እንደነበር ታያለሽ።

ነጭ ጋዋን

ፍሬሽ፣ ሁለተኛውን እኔ ልመልስ። በቀጥታ? በፍጹም። የሌለ ፔፐር ይፈጥራል። ርዕሱ ያምራል፣ የጸሐፊዎቹ ስም እውነተኛ ይመስላል፣ ጆርናሉ ያለ ነው፣ ጽሑፉ ግን የለም። እያንዳንዱን ጎግል ስኮላር ላይ ፈልገው፣ ዲኦአይ (የጽሑፉ ቋሚ መለያ ቁጥር) ካለው ክፈተው። ገብተህ ያላነበብከው ነገር ዝርዝርህ ውስጥ አይግባ።

ለሰዋስው ማስተካከያ ግቢያችሁ ከፈቀደ ተጠቀምበት፣ መጠቀምህንም ተናገር። ማሰቡን ግን አትስጠው። ግቢ በር ላይ ምሰሶ ላይ "አሳይመንትና ሪሰርች እንሠራለን" የሚል ማስታወቂያ ታያለህ አይደል? ብር ከፍለህ ማሠራትና ለማሽን ማሠራት አንድ ነው። ነገ ታማሚ ፊት ስቆም ያንን ያነበብኩት እኔ መሆን አለብኝ። አንተም በሙያህ እንደዚያው።

ፍሬሽ

እሺ፣ ገባኝ። አንድ ልጨምር። ቤተሰቦቼ ይርጋጨፌ ቡና አምራች ናቸው። ተርም ፔፐሬን "የቡና ሚና በኢትዮጵያ ኢኮኖሚ" ልል ነበር። ድሬዋ ያለችውን ሳነብ ይሄም ጥያቄ አለመሆኑ ገባኝ። እንዴት ላጥብበው?

ድሬዋ

ቤት ውስጥ ስለ ቡና ሲወራ አባትህ ከሁሉ የሚያማርሩት በምንድን ነው? ከዚያ ጀምር።

ፍሬሽ

ሁሌ የሚለው "ቡናችን ከሰው ቡና ጋር ተደባልቆ ነበር የሚሸጠው፣ አሁን ግን ስማችንን ይዞ ይሄዳል" ነው። መቼ እንደተለወጠ ግን አላውቅም።

አማካሪው

ልጄ፣ ጥያቄው አባትህ አፍ ውስጥ ነው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2008 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምርና ቡናም በዚያው ዓመት መጨረሻ ሲገባበት፣ ቡናው በአካባቢና በደረጃ እየተመደበ ይቀላቀል ነበር። የአንድ አምራች ቡና የት እንደደረሰ መከታተል ከባድ ሆነ። በ2017 እ.ኤ.አ. የወጣው የቡና ግብይት አዋጅ ደግሞ ምርት ገበያውን ሳያልፉ በቀጥታ የመሸጥ መንገዶችን ሰፋ አደረገ። ከ2008 እስከ 2017 ባለው ጊዜ በአንድ ወረዳ ያለ የአንድ ማኅበር አምራች ምን አተረፈ፣ ምን አጣ? ለአንደኛ ዓመት ተርም ፔፐር ይህ ከበቂ በላይ ነው። ዋጋውን ከማኅበሩ መዝገብ ጠይቅ፣ አባትህንና ጎረቤቶቹን ደግሞ ፈቃዳቸውን ጠይቀህ አነጋግር።

የማታው

ስታናግራቸው በስልክህ ቅዳ፣ ግን አስፈቅደህ። ቀኑንና ቦታውን ቅጂው መጀመሪያ ላይ በድምፅህ ተናገር፤ በኋላ ፋይሎቹ አይምታቱብህም።

ላይብረሪ ጠባቂ

አዋጁን ከዜና አትጥቀስ። ፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ነው ያለው፤ ቁጥሩ 1051/2009 ነው፣ በእንግሊዝኛው በኩል 1051/2017 ሆኖ ታገኘዋለህ። ገጹ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ነው የታተመው። ሁለቱ ካልተስማሙ ሕጉ የሚያጸናው አማርኛውን ስለሆነ ፔፐርህ በእንግሊዝኛ ቢሆንም አንቀጹን በአማርኛው አንብበህ ነው ማስታወሻ መያዝ ያለብህ። ካርድህ አናት ላይ የአዋጁን ቁጥር፣ የአንቀጹን ቁጥርና የጋዜጣውን ገጽ ሦስቱንም ጻፍ።

ፍሬሽ

ነገ ጠዋት ላይብረሪ እገባለሁ። አባቴንም ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ፤ የማኅበሩን ጸሐፊ ያውቀዋል።